የኤሊው ጉሮሮ

ፕሮዲዩሰሯ የአዳራሹን መብራት ራሷ አጠፋችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። መቀመጥ አልቻለችም። ከፊት ሕፃናቱ ይጓተታሉ፤ ከመሃል የቴሌቪዥን ጣቢያው ፊልም ገዢ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ታላቅ ወንድሟ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ኩርምት ብሏል።

ገዢው ቁርጡን ነግሯታል። የካርቱን ፊልሙን ወዶታል፤ የሽማግሌው ኤሊ ድምፅ ግን ያስተኛል፣ በታዋቂ ተዋናይ ይተካ ባይ ነው። ያ ድምፅ የወንድሟ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲህ ከሹክሹክታ በቀር ቃል አይወጣውም። ሐኪሙም ጉሮሮህን እንዳትጠርግ፣ ያለችህንም ሹክሹክታ ታጣታለህ ብሎታል። የጤናው ጊዜ ድምፁ የቀረው እዚህ ፊልም ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቹ ከወደዱት ይቆይ፣ ካልወደዱት ይተካ ብላ ለምና ነው ይህችን ቀን ያገኘችው።

ኤሊው ብቅ አለ። አፉን ከፈተ፣ ከንፈሩ ተላወሰ፤ ድምፅ ግን የለም። ቆይቶ፣ "ልጆቼ፣ ወዴት ልትሄዱ ነው?" አለ።

የጎደለው ምን እንደሆነ ገባት። ወንድሟ ንግግር ሲጀምር ሁልጊዜ "እህህም" ይል ነበር፤ ሠዓሊዎቹም የኤሊውን አፍ የሳሉት ከነእህህምታው ነው። አጠገቧ የቆመው የፊልሙ አርታዒ፣ ባልደረቦቹ "መቀስ" የሚሉት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና ድምፁ ይጥራ ብሎ ሳሉን ሁሉ እንዳወጣው ነገራት። ሳል መስሎታል።

"እጅህ ይባረክ" አለችው። ምርቃት እንዳልሆነ ገብቶት አቀረቀረ።

ኤሊው እንደገና አፉን ከፈተ። ዝም። አንድ ልጅ አዛጋ። ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ፣ "ኤሊው ተበላሽቷል" አለች። ገዢው ስልኩን አወጣ። ፕሮዲዩሰሯ ፊልሙን ብታቆመው ነገሩ አለቀ፣ ብትተወውም አለቀ።

ኤሊው ደግሞ አፉን ከፈተ።

"እህህም።"

ከበሩ በኩል ነው። ሕፃናቱ ዞሩ። ወንድሟ ዓይኑን ከፊልሙ አልነቀለም። እጇን አወናጨፈችለት፣ ተው ለማለት፤ እሱ ግን የኤሊውን አፍ ብቻ ነው የሚጠብቀው። በሚቀጥለውም አፍ መክፈት "እህህም" አለ፤ እጁ ጉሮሮውን ጨብጧል። ያኔ ሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ እሱ ሊደግመው አላስፈለገም፤ ኤሊው አፉን በከፈተ ቁጥር ሕፃናቱ ራሳቸው እየተሽቀዳደሙ ጉሮሮውን ይጠርጉለት ጀመር። ቀጥሎ የሚመጣውን ንግግር ለመስማት ደግሞ ጸጥ ይላሉ።

ገዢው ስልኩን ኪሱ ከቶታል። መብራቱ ሲበራ ወደ እሷ መጥቶ፣ "ተዋናዩ ይቅር። ጉሮሮ ጠረጋውን ግን መልሱት" አላት።

እንኳን ልታመሰግነው፣ ሳታስጨርሰው ወደ ኋላ ሮጠች።

"ጋሽዬ፣ ምን ነካህ?" አለችው፣ ሻርፑን እያላላች።

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተላወሰ፤ ሹክሹክታውም አልወጣ አለ። ባለ ቀይ ሹራቧ ልጅ ወደ በሩ ስታልፍ ቆም ብላ አየችው። ትንሽ ጠበቀችውና፣ ልታግዘው "እህህም" አለችለት።