የጉዴ ግድግዳ

ሙዚየም አልወድም። አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ተማሪዎቼን በኪራይ አውቶቡስ ጭኜ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄ አስጎብኝቻለሁ፤ ዛሬ ትዝ የሚለኝ የጉልበቴ ሕመምና «መንካት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ጂቱ «ቅዳሜ ሸነን፣ ሙዚየም ልናይ ነው የምንሄደው» ስትለኝ ሬዲዮኔን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም።

«የምን ሙዚየም?»

«የግድግዳ።»

«ግድግዳ ለማየት እስከ ሸነን? አምቦ ምን አነሰን?»

አልሳቀችም። ጂቱ ቀልዴ ባያስቃት እንኳ ለወጉ ያህል ፈገግ የምትል ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሬዲዮውን ራሷ ዘጋችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የእናቴ ግድግዳ እዚያ አለ፣ ከበበው።»

እናቷ ጉዴ ስትሞት ጂቱ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አክስቷ አምቦ አምጥታ አሳደገቻት፤ ወደ መንደሩ ተመልሳ አታውቅም። የጉዴ ፎቶ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያ ዘመን በዚያ ገጠር ማን ፎቶ ያነሳል? ጂቱ ልጅ ሳለች የእናቷን መልክ ለማስታወስ ዓይኗን ጨፍና ስትታገል የሚመጣባት የአክስቷ ፊት እንደነበረ ገና እንደተጋባን ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ስለ እናቷ ብዙም አታነሳም። ከእናቷ የቀረላት ነገር የለማ፤ ምኑን ታነሳዋለች?

አሁን ግን አንድ ነገር ተገኘ። በእነ ጂቱ መንደር ሴቶቹ የቤታቸውን የውስጥ ግድግዳ በእበት ይለቀልቁና ውሃውን መጠጥ ሲያደርግ በቀይና በነጭ አፈር ሥዕል ይሥሉበታል። አሁን አሁን ሁሉም ብሎኬት ቤት መሥራት ጀምሯል፤ አሮጌው ቤት ሲፈርስ ግድግዳውም አብሮ ይፈርሳል። ፍሮምሳ የሚባል የዚያው አገር ልጅ፣ የሥዕል መምህር፣ ይህ አንገበገበው። ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል መጋዝ ይዞ ይደርሳል፤ ሥዕል ያለበትን ግድግዳ ከነማገሩ ያስቆርጥና በሰው ሸክም ያስወስዳል። ወስዶ የሚያቆመው አሮጌ የጭቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ አዲስ ሕንጻ ተሠርቶላቸው ጥለውት ሄደዋል። ሙዚየሙ ይኸው ነው።

የጉዴ ግድግዳ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እሷ ስትሞት ባሏ ሂርጳ «እጇ ያረፈበትን ማንም እንዳይነካብኝ» ብሎ ከለከለ። በየዓመቱ ለመስቀል መንደሩ በሙሉ ቤቱን ሲለቀልቅ ያ ግድግዳ እንዳለ ኖረ። ሂርጳ ሲሞት ቤቱ የወንድሙ የገለባ ማስቀመጫ ሆነ፤ ግድግዳውም በገለባ ተሸፍኖ ቀረ። ዘንድሮ ቤቱ ሊፈርስ ገለባው ሲወጣ ሥዕሉ ብቅ አለ። ፍሮምሳ የማን እንደሆነ ጠያይቆ፣ ልጅ እንዳላት ሰምቶ፣ የጂቱን ስልክ አፈላልጎ ደወለላት።

«ምን እንደተሣለበት ጠየቅሽው?» አልኳት።

«አልጠየቅኩም። ሰው ነግሮኝ ሳይሆን አይቼው ማወቅ ነው የምፈልገው። ከእናቴ አንድ ነገር በዓይኔ ልይ፣ አንድ ነገር ብቻ።»

ተነስቼ ጫማዬን ወለወልኩ።

ቅዳሜ በጠዋት ከአምቦ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። ጂቱ ለሠርግ የምታወጣውን ቀሚስ ለብሳ፣ በፌስታል ስኳርና ዳቦ ይዛለች። ረዳቱ ወንበራችን ላይ ትርፍ ሰው ሲጨምርብን የተለመደ ንግግሬን ልጀምር ስል ክንዴን ነካ አድርጋ «ዛሬን ተወው» አለችኝ። ተውኩት። ጉደርን አለፍን፤ ጥቁር እንጪኒን አለፍን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ማሳው አረንጓዴ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እሷ በመስኮት ታያለች።

ሸነን ስንደርስ ፍሮምሳ ቆሞ ይጠብቀናል። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ጎልማሳ ነው።

«በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ! እኔም ሳምንቱን ሙሉ ስልጠና ላይ ቆይቼ ትናንት ማታ ነው የገባሁት። ግን አታስቡ፤ ለሴቶቹ ደውዬ የጉዴ ልጅ ልትመጣ ነው፣ ክፍሉን አሰናድታችሁ ጠብቁ ብያቸዋለሁ።»

ሴቶቹ የሚላቸው ሙዚየሙን የሚጠርጉትንና የሚጠብቁትን የመንደሩን ባልቴቶች ነው። ባጃጅ እስከሚችልበት ወሰደን፤ የቀረውን ዳገት በእግራችን ወጣነው።

እውነቱን ልናገር፤ ቦታውን ወደድኩት። የክፍሎቹ በር ላይ «1ኛ ሀ»፣ «2ኛ ለ» የሚለው ቀለም አሁንም አለ። ፍሮምሳ ዴስኮቹን አላወጣቸውም። «እዚህ ቆሞ ማየት የለም፣ ባርሲሳ» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ሥር ቆሜ «ዝም በሉ!» ስል የኖርኩ ሰውዬ ጉልበቴን አጣጥፌ የአንደኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው በነበረበት ቦታ አንድ ሙሉ የጭቃ ግድግዳ ቆሟል፤ ከበሬ የሚበልጥ አውራ ዶሮ ተሥሎበታል። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አውቶቡስ አለ፤ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እኛን ያዩናል። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ባሏን ሥላለች፤ ሰውየው ደረቱ ሰፊ፣ ጺሙ ያማረ ነው፤ እግሩ ግን ጭብጥ አይሞላም።

«እግሩን ምነው?» አልኩ።

«ያን ሳምንት ተጣልተው ነበር» አለ ፍሮምሳ። «ከታረቁ በኋላ አስረዝሚልኝ ቢላት፣ ለሚመጣው መስቀል አለችው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ጂቱም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከአራተኛ ክፍል በር ላይ አልተነሳም።

ፍሮምሳ በሩን ከፈተው። መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ ትኩስ እበት። ቀጥሎ እልልታ። ሦስት ባልቴቶች እጃቸው እስከ ክርናቸው እበት እንደሆነ እልል ይላሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ቆሟል፤ እርጥብ፣ ልሙጥ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለቀለቀ። አንዲት መስመር እንኳ የለበትም።

ፍሮምሳ በሩን እንደያዘ ቀረ። «ምን አደረጋችሁ?»

«ለቀለቅናት» አሉ ትልቋ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «የጉዴ ልጅ ትመጣለች ብለህ የለ?»

ደሜ ፈላ። እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም ወይ፣ ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያጣችውን ነገር በአንድ ጠዋት እበት ቀብታችሁ ታጠፉባታላችሁ ወይ እያልኩ ጮህኩ። ክፍሉ የትምህርት ቤት ስለሆነ ነው መሰል ጩኸቴ አላነሰኝም። ሴቶቹ እልልታቸውን አቋርጠው እርስ በርስ ተያዩ።

«ፎቶ አንስተኸው የለም?» አልኩት ፍሮምሳን።

ስልኩን አወጣ። ያለው አንድ ፎቶ ነው፣ ግድግዳው በሸክም ሲመጣ የተነሳ። እንዳይላላጥ ብለው በፍራሽ ጠቅልለውታል። የሚታየው የተሸካሚዎቹ እግርና ከፍራሹ ሥር ብቅ ያለች አንዲት ቀይ ጫፍ ናት። «እርጥበቱ ሲወጣለት በደንብ አነሳዋለሁ ብዬ ነው» አለ። «ጂቱ፣ እኔ አይቼዋለሁ፤ ምን ምን እንደነበረበት ልንገርሽ።»

«አትንገረኝ» አለች።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቆም አልቻልኩም። የቤታችንን ቁልፍ አውጥቼ በግድግዳው ጥግ በኩል ቀስ ብዬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ። ትኩሱ እበት ሲነሳ ከሥሩ ያለውን አሮጌ ሽፋን ይዞ መጣ፤ መዳፌ ላይ የቀረው ቀይ ዱቄት ነው።

«ከበበው! በቃህ!»

በትዳር ዘመናችን እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እሷ ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ግድግዳ ታየው ጀመር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ትልቋ ባልቴት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሃዋኒ ይባላሉ። እጃቸው እበት ስለሆነ ልብሷን እንዳይነኩ ከፍ አድርገው ይዘውታል። የሚናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ያሉት ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት። «አባትሽ ይህን ግድግዳ ሐዘን ላይ ተወው። ሐዘን ያለበት ቤት ለመስቀል አይለቀለቅም፤ እኛም አልነካነውም። የሁላችን ቤት በየዓመቱ ሲያምር የጉዴ ግድግዳ ብቻ እንደቆዘመ ቀረ። ሐዘኑን የምታነሳው ልጅ ናት፤ ልጅ ደግሞ አልነበረችም። አሁን መጣሽ። እናትሽ እንግዳ ሲመጣባት ያላመረ ግድግዳ አሳይታ አታውቅም። አንቺን በሐዘን ግድግዳ ብንቀበልሽ ምን ትለናለች?»

«እኔ ግን የመጣሁት እሱኑ ለማየት ነበር» አለች ጂቱ። «የእናቴን ሥራ ልይ ብዬ። ከእሷ የቀረ ሌላ ነገር አይቼ አላውቅም።»

ሃዋኒ ያኔ ገባቸው። «ወዮ!» አሉና በእጃቸው ጀርባ አፋቸውን ከደኑ። የሌሎቹም ፊት ጠቆረ። እኔም ስጮህባቸው የነበሩትን አሮጊቶች አየኋቸው፤ ከወገብ የማይቃኑ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ሁሉ ግድግዳ ጎንበስ ቀና እያሉ ለቅልቀዋል። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«እኛ አንቺ ትሥይዋለሽ ብለን ነው» አሉ ሃዋኒ። «የቤቱ ልጅ ሳትጀምረው ማን ይጀምረዋል?»

«እኔ አልችልም። ፍርድ ቤት ታይፕ ስመታ ነው የኖርኩት።»

«እኔስ መቼ እችል ነበር? ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ጭራሽ አላውቅም ነበር፤ በተወለድኩበት አገር ግድግዳ አይሣልም። ያስተማረችኝ እናትሽ ናት።»

ጂቱ ቀና አለች። «እናቴ?»

«እሷው ናታ! እጄን ይዛ።»

ግድግዳው ውሃውን መጠጥ እስኪያደርግ ዴስኮቹ ላይ ተደርድረን የጂቱን ዳቦ በላን። ከሴቶቹ አንዷ በጣሳ ቀይ አፈር በጥብጣ መጣች። ፍሮምሳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ እንደ ልቅሶ ቤት ነው ፊቱ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩለት። ለሴቶቹም «ይቅርታ፣ አዴ፣ እናቶቼ» አልኩ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ሳቁብኝ፤ ደስ አለኝ።

ሃዋኒ እጃቸውን ታጠቡ። ጂቱን ግድግዳው ፊት አቆሟት፤ ጣቷን ቀዩ ውስጥ ነከሩላትና ከኋላዋ ሆነው የእጇን አንጓ ያዙ።

«አላልተሽ ያዢው። እንደ መርፌ አትያዢው ትለኝ ነበር። ከትከሻሽ ነው የሚመጣው።»

ጣቷ ግድግዳውን ነካ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ።

«እንዲህ ነበር የያዘችዎት?» አለች ጂቱ።

«እንዲህ ነው። ከኋላዬ ሆና፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ። አጭር ስለነበረች በእግር ጣቷ ቆማ ነው የምትደርስብኝ።»

«አጭር ነበረች?»

ጂቱ አጭር ናት። ከአክስቷ ልጆች መካከል ብቻዋን ድንክ ሆና በማደጓ በማን ወጣሁ እያለች ስትገረም ነው የኖረችው።

«አጭር። ስትሥል ታንጎራጉራለች፤ ጆሮዬን ትኮረኩረኝ ነበር። እጇ ደግሞ ትኩስ ነው። ይሄ የኔ ነው እንጂ የቀዘቀዘ።» ሃዋኒ ይህን እያሉ አገጫቸውን ጂቱ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

ጂቱ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን አፍራለሁ? እያለቀሰችም ጣቷ አልቆመም። ቀዩ መስመር ግድግዳውን አቋርጦ ጥግ ደረሰና አለቀ። ሃዋኒ ሊለቋት ሲሉ በግራ እጇ እጃቸውን አንጓዋ ላይ ያዘችባቸው።

«አይልቀቁኝ» አለች። «እሷ እንዳደረገችው አንዴ ይድገሙልኝ።»