የቅዳሜው ኮሶ

"ወይዘሮ ለተማርያም፣ እልል ይበሉ! የሽንትዎ መልስ ከአዲስ አበባ መጣ። ሆርሞኑ ከፍ ብሏል፤ አርግዘዋል!" አላት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ወልደሚካኤል።

ለተማርያም እልል አላለችም። "ደም ከመጣብኝ አራተኛ ቀኔ ነው" አለችው።

ወልደሚካኤል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሆርሞኗ ዝቅ ብሏል ከተባለ ጀምሮ፣ ሦስት ወር ሙሉ የማርገዣውን ክኒን ቀን እየቆጠረ የሰጣት እሱ ነበር።

"ሌላ መድኃኒት ወስደዋል?"

"ኮሶ። ቅዳሜ ጠዋት።"

"ምነው እመቤቴ! ኮሶ እኮ ያስወርዳል!"

"ሲያጥወለውለኝ እርስዎ ከክኒኑ ነው አሉኝ። አማቴ ደግሞ ኮሶሽ ተነስቶብሽ ነው፣ ከጠጣሽ ሁለት ወር አልፎሻል አሉኝ። ወቅጠው ሲሰጡኝ እሳቸውን አምኜ ጠጣሁ።"

ወረቀቱን ይዛ ፈላና በር ወዳለው ቤቷ አዘገመች። ባሏ ኪዳነወልድ ቁርጡን ነግሯታል፤ የሦስተኛው ወር ክኒን ካልያዘላት በሰማንያ የታሰረው በሰማንያ ይፈታል። አሁን ግን መውለድ እንደምትችል ማስረጃው በእጇ ነው። ኮሶውን ራሴ ወቅጬ ጠጣሁ እለዋለሁ ስትል ወሰነች። አማቷ እማማ ሥራዬ በስምንት ዓመት ትዳሯ ውስጥ አንድ ቀን መካን ብለዋት አያውቁም። እሳቸውን ከልጃቸው ማጣላት ግፍ መሰላት።

ኪዳነወልድ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ለምሳ መጥቶ አገኘችው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ፊቱ በራ።

"ወርዷል" አለችው ቶሎ ብላ። "ኮሶ ጠጥቼ።"

"ልጄን? በገዛ እጅሽ?" አላት። "መካንነቱ ይሻል ነበር! በይ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ!"

ጥግ ላይ ምስር ሲለቅሙ የነበሩት እማማ ሥራዬ ጣታቸው ቆመ። ለተማርያም ዓይን ዓይናቸውን አየች። እኔ ነኝ ቢሉ፣ የለም እኔ ነኝ ልትል ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሰፌዱ አቀረቀሩ።

"የዛሬ ልጅ መች ታላቅ ያማክራል!" አሉ።

ለተማርያም ነጠላዋን ሳታወልቅ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"እማማ፣ ማን ወቅጦ እንዳጠጣኝ እርስዎ ይንገሩት" አለች። "እስኪነግሩት ከዚህ አልነሳም።"