ሽታ የሌለው ጋዝ

"ይሸትዎታል፣ ሚስተር ክሎቪስ?"

ክሎቪስ ከባቡሩ ታንከር በትንሽ ዕቃ የቀዳውን ጋዝ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ደጋግሞ ሳበ። ምንም የለም። አምና ጉንፋን ከጣለው ወዲህ ምንም ነገር አይሸተውም፤ ለማንም አልተናገረም።

ይህ ፕሮፔን የሚባል የምድጃ ጋዝ ሲሠራ ሽታ የለውም። ቢያፈስ ሰው እንዲነቃ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ያገለገለ የምግብ ዘይትን ወደ ነዳጅና ጋዝ በሚለውጠው በዚህ የሉዊዚያና ፋብሪካ መጨመሩን አሽትቶ "ይሂድ" የሚለው ክሎቪስ ነው።

"ቆዪ አንዴ" አለ።

የፈረቃው አለቃ ዳርሊን መልሱን መጠበቅ ሰልችቷት በረጅሙ ተነፈሰች። "ባቡሩ ከዘገየ አለቆቹ ያችኑ ወሬ ይጀምራሉ። ጋዙን ከነዳጁ ለይተን ከምንደክም እዚሁ ማሞቂያችን ውስጥ እናንድደው ይላሉ።"

"ካሊፎርኒያ እየገዛችን?"

"እሷ ለአየር ንብረቱ ብላ ከአሮጌ ዘይት ለተሠራ ጋዝ ጭማሪ ባትከፍል ማን እዚያ ድረስ ይጭነዋል? ማጓጓዣው ትርፉን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።"

ከኋላቸው የዘይት መኪናው ይራገፋል። አርብ አርብ የክሎቪስ ቤተክርስቲያን ዓሣ ጠብሶበት የሚተርፈው ዘይት እዚህ ነው የሚመጣው። ሚስቱ ኦዲል እስክትሞት ድረስ ጠባሿ እሷ ነበረች። አፍንጫው ደህና ሳለ የመኪናው ክዳን ሲከፈት ጠጋ ብሎ ይቆም ነበር፤ ሽርጧን እንደታጠቀች የመጣች ይመስለው ነበር። አሁንም ይቆማል። ትናፍቀዋለች፣ ክፉኛ ትናፍቀዋለች። ችግሩን ቢናገር ከዚህ ቦታ ያነሱታል፤ አንድ ቀን ሽታው ቢመለስለትስ?

ጠዋት ግን ልጁ ኖኤሚ ከካሊፎርኒያ ደውላ ነበር። "አባዬ፣ ጋዛችን ከእናንተ ፋብሪካ ነው አሉኝ። ምድጃውን በለኮስኩ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች።" ሽታ ሳይጨመርበት ሄዶ ቤቷ ውስጥ ቢያፈስ፣ ልጁ አትነቃም።

ክሎቪስ ዕቃውን ለዳርሊን ዘረጋላት።

"አንቺ አሽቺው፣ ልጄ። እኔ ካምና ጀምሮ አይሸተኝም።"

ፊቷ ተለወጠ። "እስከ ዛሬስ?"

"መሣሪያው መጨመሩን ሲያሳየኝ እሱን አምኜ ነው። ልክ አልሠራሁም።"

ዳርሊን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። "አለው። የገማ እንቁላል ነው የሚመስለው።" ዕቃውን አስቀመጠችው። "ከዚህ እንደሚያነሱዎት ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።" ጓንቱን አውልቆ አስረከባት። ከዚያ ወደ ዘይት መኪናው አመለከተ። "እሱንስ ታሸችልኛለሽ?"

ዳርሊን ግራ ገብቷት ጠጋ አለች።

"ዓሣ ነዋ። ነጭ ሽንኩርትም አለበት፣ በጣም የበዛ።"

"አሁንም እንደ ኦዲል ነው የሚጠብሱት" አለ ክሎቪስ፤ ክዳኑ እስኪዘጋ ድረስም እዚያው ቆመ።