በንዴት የተበላ ሰርዲን

አማቼ በያጅ ነው፤ እኔ ጎማ እጠግናለሁ። አንድ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ስንሠራ ደህና ዋልክ ተባብለን አናውቅም። እህቴን ካገባበት ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ነን።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን አልክድም። የጋለ ብረት ቀኝ መዳፉን የለበለበው ዕለት፣ «አጎቴ እጁን ሞተር በልቶት የማሽን ቅባቱን ግራሶ ቢቀባበት በሦስተኛው ቀን ስድስተኛ ጣት አበቀለ» አልኩ። ጋራዡ ሳቀ። እሱ ግን ማንም ሳያየው ከግራሶው ጣሳ ዝቆ ለቀለቀበት። ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ አመረቀዘ።

እህቴ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። እኔንም «ያንተ አፍ ያመጣው ነው፣ አንተም ትሰማለህ» ብላ አስከተለችኝ። ሲስተሯ ቁስሉን አጠበች፣ መርፌ ወጋችው፣ ከዚያ ቀና ሳትል «ይሄ ካልገጠመ ሁለት ጣት ይቆረጣል» አለች። ሁለት ጣት ያጣ በያጅ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን።

ቀጥላ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው። አባቱ በልብ ሕመም ከሞቱ ወዲህ ቅባት የሚባል ነገር እርም ብሏል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቅል ጎመንና ደረቅ ዳቦ።

«አንዱ ጥፋት ይሄ ነው» አለች ሲስተሯ። «አዲስ ቆዳ ሲሠራ የእያንዳንዷ ሴል ሽፋን ቅባት ይፈልጋል። ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ በአፍ ካልገባ የማይገኝ የቅባት ዓይነት አለ። ዓሣ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝ ብላ፤ ለልብህም አትፍራ። ፋሻውንና መድኃኒቱን ግን እንዳትተው፤ ምግብ ብቻውን ተአምር አይሠራም።»

«ግራሶስ?» አልኩ እኔ።

«አንተ ውጣ» አለችኝ።

መንገድ ላይ አማቼ ተነፈሰ። «ከውጭ ተቀባሁት፣ በሰበስኩ። አሁን ደግሞ ዋጠው ይሉኛል።»

«ይሄኛው እውነት ነው» ብለው ባሰበት።

«አንተ እውነት ነው ካልክማ አለቀለት። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ።»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

እህቴ በምሳ ዕቃው ሰርዲንና የተፈጨ ተልባ ትልካለች፤ እሱ ከፍቶ ያየውና ለጋራዡ ውሻ ይደፋዋል። የውሻው ጸጉር ከማብረቅረቁ የተነሳ ጎኑን እንደ መስታወት እያየሁ ጺሜን ተላጭቻለሁ። የአማቼ መዳፍ ቁስል ግን እንዳፈጠጠ ቀረ። እህቴ ፋሻ በቀየረች ቁጥር ጓሮ ዞራ ታለቅስ ጀመር።

አንድ ቀን ቀድሜው ምሳ ዕቃውን ከፈትኩና መብላት ጀመርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እህቴ የሠራችውን እየበላሁ።»

«ለእኔ ነው የሠራችው።»

«ለውሻው ነው ብዬ ነው። ዛሬ ውሻው ጠግቧል። አንተ ደግሞ ነገ ሁለት ጣት ሲቀነስልህ ክዳኑንም አትከፍተውም፤ ከአሁኑ ልልመደው።»

በግራ እጁ መነጨቀኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ሳያላምጥ፣ ጉርሻውን ሁሉ እየረገመኝ የሚውጥ ይመስል ጨረሰው። በማግስቱ እጄን ሰደድኩ፤ በማግስቱም ነጠቀኝ። ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ ምስጢሩን የነገርኳት ለእህቴ ብቻ ነው። ውሻው ከሳ፤ እኔን ሲያይም ማጉረምረም ለመደ።

ፋሻው የሚፈታ ዕለት ሲስተሯ ሮዝ ቆዳውን ዳሰሰችና «መድኃኒቱንም ምግቡንም ይዘኸዋል ማለት ነው» አለች።

እህቴ ከደስታዋ የተነሳ አፏ አመለጣት። «ምግቡን እንኳ ወንድሜ ነው በተንኮል ያስበላው። ሊነጥቀው ሲል እልህ ይዞት ይበላ ነበር።»

አማቼ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እጅህን ጨብጥ» አለችው ሲስተሯ። አምስቱም ጣት ታጠፈ። «ጠበቅ አድርገው።» ጠበቅ አደረገው፣ እኔን እያየ።

ከበሩ እንደወጣን አሳረፈብኝ። ቡጢው ከመሬት አንስቶኝ በሦስት ቤት ጣራ ላይ አሻገረኝ። እህቴ አንድ እርምጃ ነው የተንገዳገደው ትላለች፤ የባሏን ጉድ ልትሸፍን ነው።

«ይሄ የግራሶው ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከንፈሬ አብጦ ጎማ ስፈታ ምሳ ዕቃውን በእግሩ እየገፋ አጠገቤ አደረሰው። ግማሽ ሰርዲን ተርፎታል።

«ብላ» አለኝ። «ቶሎ ዳን። የምሳዬ ቡጢ ገና ይቀርሃል።»