የአስማ ቤተሰብ

«የአስማ አብዱልሃሚድ ቤተሰብ ካለ ይግባ!» አለ የሲቲ ስካኑ ሐኪም፣ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ ተመለሰ።

አስማ ይህን ጥሪ ታውቀዋለች። አባቷ ሲታመሙም ቤተሰብ ገብቶ ሰማ፤ እሳቸው ግን «ጨጓራ ነው» እንደተባሉ፣ ጨጓራ እንደመሰላቸው አረፉ።

ታናሽ ወንድሟ ከድር ብድግ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«ቤተሰብ ነው ያለው!»

«እኔስ ጎረቤት ነኝ?» ብላ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ጥቁር መነጽር አድርጋለች። የግራ ዓይኗ ቆብ አልነሳ ካለ ሰንብቷል፤ ፒያሳ ካለው የጨርቅ ሱቋ የሚገቡ ደንበኞች ጥቅሻ እየመሰላቸው አስቸገሯት። ዓይኗን ያየው ሐኪም ደግሞ ደረትሽን ተነሺ ብሎ ላካት። ያነሳት ሌላ ባለሙያ ስለነበር ይህኛው ሐኪም መልኳን አያውቅም።

«እህቷ ነዎት?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ። «ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል አካል አለ፤ በልጅነት ሠርቶ ኋላ የሚሟሽሽ ነው። የእሷ ላይ ግን ይኸው፣ ሎሚ የሚያህል ዕጢ በቅሏል። የዓይኗም ነገር ከዚሁ ሊሆን ይችላል።»

«ካንሰር ነው?»

«በናሙና ነው የሚለየው። ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ትልልቆቹን የደም ሥሮች የነካ አይመስልም። በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ ግን አሁን ባትነግሯት ይሻላል። ትደነግጣለች።»

አስማ መነጽሯን አወለቀች።

«ነግረዋታል እኮ፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ የወደቀውን የዓይኗን ቆብ አየና ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ... እኔ እኮ...»

«ይቅርታው ይቆይ። የእኔ ደረት ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ያሳዩኝ።»

ፈርታለች፣ ምን ይዋሻል። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። ሳይገባት ያለፈ ነገር እስከማይኖር ድረስ ጠየቀችው።

ወጥታ አንድ ሳታስቀር ስትነግረው ከድር ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«በቃ፣ ለእማ ጨጓራ ነው እንላታለን» አለ። «ልቧ አይችልም።»

«ለአባባም እንዲሁ ነበር ያልነው።»

«አስማ፣ በአላህ!»

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ከድር ሊቀማት እጁን ሲሰድ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እማ» አለች፣ «ዛሬ ደረቴን ተነስቼ ነበር። ቁጭ በይና ስሚኝ።»