በመስኮቱ ውስጥ የተኛው ሻጭ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ከሱቃችን አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። «ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ» ይላል ለደንበኞቹ።

ወንድሜ ፍራሽ ይሸጣል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ የፍራሽ ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ጠልቼ አይደለም፤ ብቻዬን ስሆን ሐሳቤ ደስ ወዳለው ቦታ ስለሚሄድልኝ ነው። ከዚያ ሆኜ የምሰማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ፍራሹን በእጁ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ገና አፉን ሳይከፍት ወንድሜ ይጀምራል፤ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ወገብ ሕመም። ሰውየው ዝም ካለ ደግሞ ይብስበታል። ማንም ሳይጠይቀው ዋጋ ይቀንሳል፣ ይደግምና ይቀንሳል፣ ትራስ ይመርቃል። ደንበኛውም በመጨረሻ «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ይላል። ዞሮ የመጣ ግን አላየሁም።

ሱቁ የአጎታችን ነው። አጎታችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ታገሠ፣ ታገሠና አንድ ቀን መጥቶ ቁርጡን ተናገረ።

«አዲስ የእንግዳ ማረፊያ የምትከፍት ሴት ሐሙስ ከሰዓት ትመጣለች። ለእሷ ሸጥክ፣ ሱቁ ያንተ ነው። ካልሆነ ቁልፌን። ቤቱን የሚፈልገው ሞባይል ሻጭ በር በሬን እያየ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ምላጩን አስቀምጦ ሳቀ። «ፍራሽ እየሸጠ እንቅልፍ ያጣ! እኔም እንግዲህ ራሰ በራ ልሁን!»

ስለ «አስተኚዋ» የነገርኩት እኔ ነኝ። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ቢሮ አላቸው። በሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን በቃል ብቻ ወደ ሰመመን አስገብተው፣ ከውድድር በፊት ጉልበታቸው የሚብረከረክ ሯጮችን፣ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው የሚጠፋ ሥራ አስኪያጆችን ይረዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

«አብደሃል እያልከኝ ነው?» አለ ወንድሜ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሯጮቹ አብደዋል?»

ሄደ። ግን እዚያ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጠ ስለ ወንበሩ ስፖንጅ ማውራት ጀመረ፤ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ለምን ቶሎ እንደሚሟሽሽ። እሳቸው ሳቁና «ያንተ ፍርሃት ያለው እዚህ አይደለም፤ ሱቅህ ነው ያለው። እኔ እመጣለሁ» አሉት።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። አጠር ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያቀፉ ሴት ናቸው፤ በመንገድ ባያቸው የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሊወስዱ የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ። ፍራሾቹን ዞር ብለው አዩ። ሁሉም በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ተደራርበዋል፤ ሰው ቢጋደምባቸው ይንኮሻኮሻሉ። ፕላስቲክ ያልለበሰው በመስታወቱ መስኮት ውስጥ ለማሳያ የተነጠፈው ብቻ ነው።

«እዚህ?» አለ ወንድሜ፣ ወደ መንገዱ እያየ። «ሰው ሁሉ ያየኛል እኮ!»

«ይይህ። ስትሸጥስ እያየህ አይደል? ስማ፣ አስማት የለም። የማትፈልገውን ላስደርግህ አልችልም፤ ልነሣ ካልክ ትነሣለህ። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ እትዬ። ይሄኛው ግን ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ለምን መሰለዎት፣ ስፖንጁ…»

«ጫማህን አውልቅ።»

ተጋደመ። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ያወረዛት አንዲት ቡናማ ነጥብ አለች፤ እሷን እንዲያይ ነገሩት። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ተራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆረጥኩ። ቀስ በቀስ ግን በቃልና በቃል መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ፤ ክፍተቱም ከወንድሜ ትንፋሽ ጋር እኩል ሆነ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኖቹ ተከደኑ። መርፌዬ ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ደንበኛ ገባ» አሉት። «ምን ትሰማለህ?»

ወንድሜ ሲመልስ ድምፁ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። «ዝም ብሏል።»

«ዝምታው ምን ይልሃል?»

«ሊሄድ ነው። አባዬም ዝም ያለው ሊሄድ ሲል ነው።»

አባታችን ጥሎን ሲሄድ እኔ ገና ጡት አልተውኩም፤ ስለዚያ ሰሞን በቤታችን ማንም አንሥቶ አያውቅም። አንድ ትንሽ ልጅ ገበታ ፊት ተቀምጦ አባቱ እንዳይነሣ ሲለፈልፍ፣ ሲለፈልፍ ታየኝ። ያ ልጅ ይኸው እስከ ዛሬ አላረፈም።

እሳቸው አልደነገጡም። «እሺ፤ ዝምታውን አታባርረው» አሉት። «እንደተኛህበት ፍራሽ አድርገው። ክብደትህን ጣልበት። ይሸከምሃል።»

የሆነውን በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም። በመጀመሪያ ግንባሩ ተፈታ፣ ከዚያ አገጩ፣ ከዚያ ትከሻው ወደ ፍራሹ ሰመጠ። አብረን አድገናል፤ ያን ፊት ግን አይቼው አላውቅም። ውስጡ ያለ ትልቅ ሞተር የጠፋ ያህል ነበር፤ ሲጠፋ ነው ድምፁ ስንት ዘመን ሲያደነቁረን እንደኖረ የገባኝ።

ቀና ስል መስታወቱ በሰው ተሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ ከጎኑ ጉንጩ ላይ አረፋ የቀረበት ደንበኛው፣ ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴቶች። የሚያፌዝ የለም። ሰው የሚያርፍበትን ቦታ ድንገት እንዳገኘ መንገደኛ ቆመው ያያሉ።

ከመካከላቸው አንዲት ሴት በሩን ገፍታ ገባች። በፋይሏ ላይ የእንግዳ ማረፊያው ምልክት አለ። ከሰዓት ትመጣለች የተባለችው ገና ጠዋት መጣች!

«ሞቷል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ኧረ! ተኝቶ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ፣ እሱም በሹክሹክታ። «ተናጋሪው እሱ ነው፤ ማለቴ፣ ሻጩ።»

አስተኚዋ ሴትየዋን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ወንድሜን ከሰመመኑ በዝግታ መለሱት። ዓይኑን ገለጠ። አያት። ማን እንደሆነች አወቀ። አፉ ተከፈተ፤ እኔ ጣቴን በመርፌ ወጋሁ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«እንደምን አደሩ» አለ። አፉን ዘጋ።

ከፍራሹ ወርዶ አንሶላውን በመዳፉ አስተካከለና ቦታውን በእጁ አሳያት። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። ጣሪያውን አየች፣ ወደ ጎኗ ዞረች።

«ዋጋው?»

ነገራት። የመጀመሪያውን ዋጋ።

«በዛ» አለችና ዝም አለች።

ያ ዝምታ መጣ። እኔ፣ ዝምተኛው፣ ብቸኛው፣ ልቋቋመው አልቻልኩም። ከመጋረጃው ወጥቼ «ትራስም አለው!» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ግን እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። እየታገለ አልነበረም፤ ቢሆን ያስታውቅበት ነበር። ትንፋሹ ቅድም እንደነበረው ነው፣ ረጅምና ሙሉ። ዝምታው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። አንድ ሰው ከሰው ፊት ሳይሸሽ እንዲህ መቆም እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ በማየቴ ብቻ ደረቴ ሰፋ።

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። «ትንሽ ልቆይ» አለች። ከመስታወቱ ውጪ ያሉት አንድ በአንድ፣ ጫማቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ፣ ወደየሥራቸው ሄዱ። እሷን እውነትም እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ፊቷን አሻሽታ ፋይሏን ከፈተች። «ለሁሉም ክፍል ይሄንኑ። መቼ ታደርሱልኛላችሁ?»

ወንድሜ ነገራት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ማታ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ፣ በሩን ቆለፈ፣ ኪሱ ከተተው። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ጮኸ፦ «ሬዲዮ! ባትሪ ልግዛልህ?» ወንድሜ ሳቀ፣ እጁን አወዛወዘለት፣ ሄድን።

መንገዱ ሙሉ አልተናገረም። ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ጣሪያው ነጥብ፣ አጎታችን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል። ደርሰን በሩ ላይ ስንቆም ትከሻዬን ያዘኝና «ቀጥል እንጂ» አለኝ። «እየሰማሁህ ነው።»