የብሩሽ መጥረጊያው ግድግዳ

ቁም ሳጥኑ አልነቃነቅ አለ። የሥዕል መምህሯ በትከሻዋ ገፋች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ገፋች፣ በመጨረሻም ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉን ቆንጥጣ ገፋች። ውስጡ የደረቀ ጭቃ፣ የተሰባበረ የጂፕሰም ጆሮና አፍንጫ፣ የስንት ዘመን ወረቀት ታጭቆበታል።

"ግትርነትህ ዛሬ ነው የመጣብህ?" አለችው።

ሰው ቢሰማት ጉድ ይላት ነበር፤ ደግነቱ ደወል ገና አልተደወለም። ቁም ሳጥኑ ሲንቋቋ፣ ሲንገራገጭ ቆይቶ ተሸነፈና ወደ ጥጉ ተንሸራተተ። ራቅ ብላ አየችው። ግድግዳው ላይ ያለው አረንጓዴ ጭረት ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። እፎይ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ይህን ግድግዳ የማያውቅ ተማሪ በዚህ ትምህርት ቤት አልፎ አያውቅም። ነገሩ የተጀመረው እሷ ራሷ እዚህ ተማሪ በነበረችበት ዘመን ነው። የያኔው የሥዕል መምህር ከትከሻቸው ላይ ጨርቅ ጠፍቶ ስለማያውቅ ተማሪው ሁሉ "ጋሼ ጨርቁ" ይላቸው ነበር። ጨርቃቸውን አይጣሉ እንጂ እብድ ናቸው የሚሉም ነበሩ። እኒህ ሰው ብሩሽ ቀለም እንደተሸከመ ውሃ ውስጥ ሲነከር ካዩ የታመመ ሰው የተደበደበ ያህል ይከፋቸዋል። ስለዚህ ሕግ አወጡ፤ ብሩሽ መጀመሪያ የኋለኛው ግድግዳ ላይ ይጠረጋል፣ ከዚያ ይታጠባል። ከሳቸው በኋላ እሷ ተተካች፤ ሕጉንም እንዳለ ወረሰችው። ቀለም በቀለም ላይ ሲደራረብ፣ ሲደራረብ ግድግዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ከሩቅ ሲያዩት የዞረበት ሰው ሥራ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ጭረት የአንድ ልጅ እጅ ነው።

የራሷን ጭረቶች ከዓመታት በፊት አጥታቸዋለች፤ የሌሎች ቀለም ውጧቸዋል። ማንም ያልደረበበት አንድ ጭረት ብቻ ነበር። ከማንም በላይ ከፍ ብሎ ይጀምርና በሰያፍ እስከ ወገብ ይወርዳል። የታላቅ ወንድሟ ነው። ቤትም ሰፈርም "ቀውላላው" ነበር የሚባለው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደው ገና ጢሙ ሳይበቅል ነው። አንድ ቀን አረንጓዴ ቀለም አልቆ ክፍሉ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ እሱ ጥቁርና ቢጫ የዘይት ቀለም ለወሰና የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ አወጣ። ጋሼ ጨርቁ ብሩሹን ከእጁ ወስደው፣ ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው፣ ብዙ ካዩት በኋላ፣ "ይሄን ማን አስተማረህ?" አሉት። "ችግር" አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ብሩሹን ተቀብሎ፣ ቧንቧ ድረስ ሄዶ ማጠብ ሰንፎ፣ ተመልሶ ለመቀመጥ እየተጣደፈ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ግድግዳው ላይ ጎተተው።

ከዚያ በኋላ ቀውላላው ሥዕል ትቶ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። አንድ ጠዋት ወጣ፤ መንገድ ላይ ቀረ። ሥዕሎቹም አንድ ዝናብ የበዛበት ዓመት የእናታቸው ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ሄዱ። በእጁ ከሠራው ነገር በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ይህ አረንጓዴ ጭረት ብቻ ነው። እህቱ ጠዋት ጠዋት ክፍሉን ስትከፍት ቀና ብላ ታየዋለች። አንዳንድ ቀን "እንዴት አደርክ" ትለዋለች።

"ደህና አደሩ ቲቸር።" ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። "ቁም ሳጥኑን ብቻዎን ነው የገፉት?"

"የለም፣ ራሱ ነው የሄደው።"

ዳይሬክተሩ ሳቀ። እሱም የዚሁ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ያውም የሚስለው ብርቱካን ሁሉ ድንች የሚሆንበት። ወደ ግድግዳው ቀረብ ብሎ በጣቱ ነካው።

"እኔም እኮ እዚህ አለሁ። መስኮቱ አጠገብ፣ ቀይዋ።"

"አውቃለሁ። ሰማዩንም በቀይ ነበር የምትቀባው።"

"ቲቸር፣ እንዳይቀየሙኝ። ክፍሉን ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር ካልተጋራን ለከርሞ የሥዕል ኮርስ ክፍል የለውም። ክፍል ከሌለው ደግሞ መሰረዙ አይቀርም። ፕሮጀክተሩ ነጭ ግድግዳ ይፈልጋል።"

"ገባኝ አልኩህ እኮ።"

"ቀለም ቀቢ ላምጣ ብዬ ነበር።"

"ያቆሸሹት ተማሪዎች ናቸው፤ የሚያነጡትም እነሱ ናቸው። እንዴት እንደሚቀባ ደግሞ ይማሩበታል።"

"ከዛሬ በኋላ ግን ብሩሽ እዚህ ላይ…"

"አይጠረግም። ሰማሁ፣ ክቡር ዳይሬክተር።"

ስለ ጭረቱ ብትነግረው ይፈቅድላት ነበር፤ ይህን ታውቃለች። ግን መንገር ማለት ከሥሩ መጀመር ነው፤ እሱ ያዝናል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እስከ ቀትር ድረስ አስተማሪው ሁሉ እየመጣ ሊያጽናናት ነው። ቁም ሳጥን መግፋት ይቀላል ብላ ነው ዝም ያለችው።

ደወሉ ተደወለና ተማሪዎቹ ጋዜጣ፣ ባልዲና አሮጌ ሸሚዝ ይዘው ገቡ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። መምህሯ ነጩን ቀለም በውሃ እየበጠበጠች እስኪስማማት በእንጨት አማሰለች፤ ከዚያ ተንከባላዩን የቀለም መቀቢያ፣ ሩሎውን፣ ለረጃጅሞቹ፣ ብሩሽ ለጠርዝና ለማዕዘን ሠራተኞች አከፋፈለች። ጠርዙን የሰጠችው "ሚጢጢ" ለሚሏት ተማሪ ነው። ሚጢጢ ከክፍሉ ሁሉ አጭር ናት፣ ብዙም አታወራም፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። አባቷ ሥዕል ትታ ሂሳብ እንድትወስድ ይጨቀጭቃታል፤ እሷ ሁለቱንም ወሰደች።

"ልጆች፣ ቶሎ ለመጨረስ አይደለም" አለች መምህሯ። "ደህና አድርጋችሁ ለመጨረስ ነው።"

"ጀርባውስ?" አለ አንዱ ከኋላ ድምፅዋን አስመስሎ፤ ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ይህችን ቃል ከጋሼ ጨርቁ ነው የወረሰቻት። ተማሪ የጭቃ ጭንቅላት ሠርቶ ሲያመጣላቸው ፊቱን አያዩም ነበር። አዙረው ማጅራቱን ያያሉ፣ ገልብጠው ሥሩን ያያሉ፣ ከዚያ "ጀርባውስ? ጀርባው ሰው አይደለም?" ይላሉ። እሷም ይኸው እስከ ዛሬ ሥዕል ስትቀበል ገልብጣ የሸራውን ጀርባ፣ የምስማሩን አመታት ነው መጀመሪያ የምታየው። ተማሪዎቹ በሌለችበት "ቲቸር ጀርባውስ" እንደሚሏት ታውቃለች፤ ቅር አይላትም።

የመጀመሪያው ሩሎ ግድግዳውን ነካ። ከነጩ ሥር ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማው አንድ ባንድ ተሰናበተ። የዳይሬክተሩ ቀይ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ በሐምራዊ ፍቅር የተለከፉት መንትዮች ሄዱ። ዕቃ እየቆጠረ እንደሚያስረክብ ሰው ቆማ ስማቸውን በልቧ ጠራች፤ የአንዳንዱ ጠፍቶባታል፣ የሚስልበት ወንበር ግን ትዝ ይላታል። ዓይኗ እየሄደ ቁም ሳጥኑ ላይ ያርፋል። አንተ ግን አለህ፣ አለችው በልቧ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል የዳይሬክተሩ ጸሐፊ መጥታ ስለ አዲሱ ፕሮግራም እንደምትፈለግ ነገረቻት። "ሁለተኛውን እጅ ቀለም ቀጥሉ" ብላ ሄደች። እዚያ ሥዕል ከኮምፒዩተር ጋር በየትኞቹ ቀኖች ክፍሉን እንደሚካፈል ሲነጋገሩ፣ ሲጨቃጨቁ፣ ሲስማሙ ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ያለው ብርሃን ለሥዕል እንዲሆን ለመነች፤ ዳይሬክተሩም ብዙ ሳያስለምናት እሺ አለ። ኮርሱ ይቀጥላል። ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ ልትሮጥ ምንም አልቀራትም።

በሩን ስትከፍት ተማሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቋታል። ፊታቸው ላይ የተደበቀ ነገር አለ፤ ልደት ሊያከብሩላት የተሰናዱ ነው የሚመስሉት። ቁም ሳጥኑ ከጥጉ ወጥቶ መሃል ክፍል ቆሟል። እቃው ሁሉ ተራግፎ በሥርዓት ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ከኋላው የነበረው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ነጭ ነው፤ ገና አልደረቀምና ያብረቀርቃል።

ሚጢጢ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

"ቲቸር፣ ጀርባውስ ሳይሉን ቀደምንዎት" አለች።

መምህሯ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

"ቁም ሳጥኑ ከበደን እንጂ" አለ አንዱ ረጅም ልጅ። "እቃውን አውጥተን ነው የቻልነው።"

"አንድ ትልቅ አረንጓዴ ነበረ፣ እሱ ነው ያስቸገረን" አለች ሚጢጢ። "የዘይት ቀለም ነው መሰለኝ፣ ነጩን አልቀበል አለ። አሁን ገና ደገምነው። ይታያል እንዴ?"

ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። የዘይት ቀለም ነው፤ ነጩ ደግሞ በውሃ የተበጠበጠ ነው። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ካልደረቀ እርጥብ ስፖንጅ ይበቃዋል፤ ነጩ ተጠርጎ ይሄዳል፣ የድሮው እንዳለ ይቀራል። እግሯ አጠገብ ባልዲው አለ፤ ስፖንጁ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ የግድግዳውን ጠርዝ እያደረቀ ወደ መሃል እየመጣ ነበር። ጎንበስ ብላ ስፖንጁን አወጣችና ጨመቀችው።

የተማሪዎቹ ዓይን እጇን ተከተለ።

"የተበላሸ ነገር አለ እንዴ ቲቸር?" አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ ቀነሰ። "ካለ ይንገሩን፣ እንደግመዋለን።"

መምህሯ ማዕዘኑን አየች። የሁለቱ ግድግዳዎች መገናኛ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ብሏል። ጋዜጣው ከተቀደደበት ካለች አንዲት ጠብታ በቀር የወለሉን እንጨት ነጭ አልነካውም። ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከፊት ለፊቱ ይልቅ ተጠንቅቀው ነው የቀቡት። እንዲህ አድርጉ ያለቻቸው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ ጮኸችባቸው፤ ሰሟት። አሁን ስፖንጁን ብታሳርፍበት ወንድሟን ታገኘዋለች፤ እነዚህ ልጆች ግን ከዛሬ ጀምሮ ማጅራት አይሠሩም።

ደግሞ ቀውላላው ቢሆን፣ አለች በልቧ። በሳቅ ይሞት ነበር። ብሩሽ ማጠብ ሰንፎ የጎተተውን ጭረት ሥዕል ነው ብላ ስትጠብቅለት ቢያያት ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍባት ይኖር ነበር። ይህን ስታስብ ዓይኗ ሞላ፤ ማንም እንዳያያት ጎንበስ አለችና ተንበረከከች።

"አለ" አለች። "እዚህ ጋዜጣው የተቀደደበት ጋ፣ ወለሉ ላይ ጠብ ብሏል።"

በስፖንጁ ወለሉን ጠረገችው። ከልክ በላይ ጠረገችው፤ ጠብታው ከለቀቀ በኋላም እጇ አልቆመም። ከኋላዋ ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማች።

"በጣም ጎበዞች ናችሁ" አለች እንደተንበረከከች። "ከኔ ትበልጣላችሁ።"

"ቲቸር፣ ያን ያህል ከፍ አድርጎ የጠረገው ማን ነው?" አለች ሚጢጢ። "ወንበር ላይ ቆሞ ነው?"

"የለም። አንድ ቀውላላ ልጅ ነበር። እስከ ቧንቧው መሄድ ይሰንፍ ነበር።"

ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አላት። ረጃጅሞቹ ሁለቱ ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው ሊመልሱ በሁለት ጎን ያዙት።

"ቆዩ" አለች ተነስታ ጉልበቷን እያራገፈች። "ወደ ጥጉ አታስጠጉት። ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉለት።"

"ለምን ቲቸር?"

"ብሩሽ የት ልትጠርጉ ነው? ከእንግዲህ መጥረጊያችን ከጀርባው ነው።"

ተያዩ። "ዳይሬክተሩስ?" አለ አንዱ።

"ዳይሬክተሩ ፊት ለፊቱን ነጭ አድርጉ አለ፤ አደረግን። የቁም ሳጥን ጀርባ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ከእቃዎቹ መሃል ጥቁርና ቢጫ ቀለም መርጣ ለሚጢጢ ሰጠቻት። "ለውሺው" አለቻት። "ቢጫውን ቀድሚ። ጥቁሩን በጥቂቱ፣ በጥቂቱ።" ልጅቷ ለወሰች። ቢጫው ቆሸሸ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ሳታስበው ዞረና የወይራ ቅጠል ሆነ። ሚጢጢ ቀና ብላ አየቻት።

"አረንጓዴ ሳይኖር?"

"አረንጓዴ ሳይኖር። አሁን ነጩ ሲደርቅ ሂጂና አንድ ጊዜ ጥረጊው። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።"

ጠበቁ። ሲደርቅ ሚጢጢ ብሩሹን ይዛ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባች። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ተንጠራርታ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ የድሮው አረንጓዴ ይጀምርበት የነበረው ጋ አልደረሰችም። ወንበር ፍለጋ ዞር አለች።

"ወንበር ተይ" አለቻት መምህሯ። "አንቺ የምትደርሺበት ላይ አድርጊው።"